ከቡላ ጋር የገባሁት ወንፈል

ቡሬ ተወልዶ ፍኖተ ሰላም ለተማረ ሰው ብርድ ማለት ሐምሌ ላይ ጃኬት የሚያስለብስ፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ደግሞ እሸት እየጠበሱ እሳት ዳር የሚያስቀምጥ ደግ ነገር ነው። ከዚያ ያለፈውን ብርድ እኔ የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተራራ እሥልና ከታች ቆላ፣ ከመሃል ወይና ደጋ፣ ከላይ ደጋ፣ ጫፉ ላይ ውርጭ ብዬ ጽፌ፣ ጠመኔዬን አራግፌ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ጫፉ ላይ ሰው ይኑር አይኑር ጠይቄ አላውቅም። እግዜር ታዝቦኝ ይሆናል፣ አንድ መስከረም ላይ ወደ ፈረስ ቤት ተዛወርኩ።

ፈረስ ቤት የደጋ ዳሞት ከተማ ናት። ስሟ ውስጥ ፈረስ አለ፣ ቤትም አለ፤ ብርዱን ግን ስም አውጪዎቹ ሳይጠቅሱት አልፈዋል። ኅዳር እስኪገባ ድረስ ተደላድዬ ነበር። ኅዳር ሲጋመስ ሰማዩ ጥርት አለ፣ ቀን ቀን ፀሐዩ እሰይ የሚያሰኝ ሆነ፣ ማታ ማታ ግን ያ ጥርት ያለ ሰማይ ያለውን ሙቀት ሁሉ ይዞ ይሄድ ጀመር። አንድ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ባልዲውን ብከፍት ውሃው ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮበታል። ልታጠብ ያወጣሁትን ፊት ይዤ ተመለስኩ። ክፍል የገባሁት ሱሪ በሱሪ ላይ፣ ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ፣ ከላይ አንድ ወፍራም ግራጫ ሹራብ ለብሼ ነው። እጄን ማንሳት ስላቃተኝ ካርታው ላይ ሰሜን ዋልታን የጠቆምኩት በአገጬ ነበር። ተማሪዎቼ ጋቢያቸውን ጣል አድርገው በጨዋነት ዝም ብለው ያዩኛል።

የተከራየሁት ቤት ባለቤት የሚኖሩት ባሕር ዳር ነው። ቁልፉን ሲያስረክቡኝ «ድመቷም ከቤቱ ጋር ናት» ብለውኝ ሄዱ። ድመቷ ደጅ ያደገች ናት። ቤት ሳስገባት በሩን እየቧጠጠች ታሰለቸኛለች፤ ሳስወጣት መስኮቱ ላይ ቁጭ ብላ የወቀሳ ዓይን ታሳርፍብኛለች። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ እማማ የሻረግ አሉ። ባላቸው ካረፉ ቆይቷል፣ ልጆቻቸው በትዳርና በሥራ ቡሬም ሽንዲም ተበትነዋል፣ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ደጃፋቸውን የሚጠብቀው ቡላ የሚባል ውሻቸው ነው። ስሙ መልኩን ይናገራል። ጭንቅላቱ ትልቅ፣ ድምፁ ወፍራም፣ አንደኛው ጆሮው ከጅብ ጋር በነበረው ጉዳይ ጫፉ የጎደለ ነው፤ የሚያውቀውን ሰው ሲያይ ግን ጅራቱን መቆጣጠር አይችልም።

ታህሳስ እንደገባ አንድ ማለዳ በአጥሩ ክፍተት አሻግሬ ሳይ፣ ቡላ እማማ የሻረግ ደጃፍ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ጀርባው ላይ አመዳይ ወርዶበት ነጭ ሆኗል። ሲያየኝ ተነሳ፣ አመዳዩን አራገፈ፣ ጅራቱን ወዘወዘልኝ። ልቤ ተነካ። ለውሻው ብቻም አይደለም ያዘንኩት፤ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ እኔም የምመስለው እሱኑ ስለነበር ለሁለታችንም ነው።

ማታ ማታ ቤት ቢያስገቡትስ ብዬ እማማ የሻረግን ጠየቅኋቸው። እንዲህ የሚያስብ ሰው የሰው ልጅ ማስተማሩ አሳስቧቸው አዩኝ። ቤት ውስጥ ጠበል አለ፣ የማኅበር ጽዋ አለ፣ ውሻ እንዴት ይገባል አሉኝ። ቀጥለውም ነገሩን በእርጋታ አስረዱኝ።

«ልጀ፣ ውሻ ጠጉሩ ጋቢው ነው። ሞቆት የተኛ ውሻ ደግሞ ጅቡ ስሙን ጠርቶ ቢቀሰቅሰው አይሰማም።»

ይህን ሰምቼ ብተወው ኖሮ የማወጋችሁ ነገር ባልኖረ። ግን አስተማሪ መሆን መጥፎ ነው፤ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ሳይመልስ እንቅልፍ አይወስደውም። መጀመሪያ ያን ግራጫ ሹራቤን ለቡላ አለበስኩት። የፊት እግሮቹን በእጅጌዎቹ አስገብቼ፣ ወገቡ ላይ በገመድ ሸብ አድርጌ፣ በሥራዬ ረክቼ ተኛሁ። ማግሥቱ እሑድ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ቡላ እማማ የሻረግን ተከትሎ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ የመሄድ ልማድ አለው፤ ያን ዕለትም ሹራቤን እንደለበሰ ሄደና ከቅዳሴ የሚወጣውን ሕዝብ ቆሞ በጅራቱ ሲቀበል አረፈደ። ሰኞ ክፍል ስገባ ሁሉም ራሱን ደብተሩ ውስጥ ቀብሯል። የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ጨዋ ተማሪ ብቻ፣ ከርቀት እርስዎ መስለውኝ እጅ ነስቼ ነበር ብላ ነገረችኝ።

እማማ የሻረግ ሹራቡን አጥበው፣ አጣጥፈው መለሱልኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም። የጎጃም ሰው ብዙ የሚናገረው ዝም ሲል ነው።

ከዚያ ቤት ልሠራ ተነሳሁ። ለሰው ውሻ ቤት መሥራት ጣልቃ መግባት ይሆናል፤ ለራሴ ድመት ብሠራ ግን ማን ምን ይለኛል? እናም የድመት ቤት ነው እያልኩ፣ በሩ ለምን ሰፋ ሲሉኝ ድመቷ ኩሩ ናት እያልኩ፣ ጥጃ የሚያስገባ ጎጆ ግቢዬ ውስጥ ቀለስኩ። ዙሪያው አሮጌ ሣንቃ፣ ጣሪያው ቁራጭ ቆርቆሮ፣ ቀዳዳው ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት የተደፈነ። በሩን የጠዋት ፀሐይ ትግባበት ብዬ ወደ ምሥራቅ አዞርኩት። ፀሐይዋስ ገባች፤ ከእሷ በፊት ግን ሌሊቱን ሙሉ ነፋሱ ሲገባበት አደረ። ስለ ነፋስ አቅጣጫ አንድ ሙሉ ምዕራፍ እንደማስተምር ለማንም አትንገሩብኝ። ጎጆውን አሽከርክሬ በሩን ወደ ቤቴ ግድግዳ መለስኩት። ውስጡ ያነጠፍኩት አሮጌ ብርድ ልብስም እርጥበት ጠጥቶ ጠዋት ድርቅ ብሎ ተገኘ፤ ሳወጣው እንደ ሣንቃ ቆመ። በእሱ ፈንታ የገብስ ጭድ ሞላሁበት፣ ወለሉንም በድንጋይ ከመሬት ከፍ አደረግሁት። ሲያልቅ ራሴ ልገባበት ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር።

ድመቷ መጥታ ዞረችው፣ አሸተተችው፣ ጣሪያው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ቡላ ግን ምርመራ አላስፈለገውም። ሲመሽ በአጥሩ ሥር ባለችው ሽንቁር ሆዱን እየጎተተ ገባና ጭዱ ውስጥ ሰመጠ። ድመቷ ከላይ ሆና የሆነውን ሁሉ አየች፣ ብርዱ ሲበረታባት ወረደች፣ ጠዋት ላይ ቡላ ጀርባ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ውሻና ድመትን ያስታረቀ ሽማግሌ እስካሁን አልሰማሁም፤ ብርድ ግን በአንድ ሌሊት ጨረሰው።

ወሬ በውሾች መካከል በምን እንደሚተላለፍ አላውቅም። ብቻ ሳይቆይ አንድ ጥቁር ወጠምሻ መጣ፣ ከታች ሰፈር አንዲት አንካሳ መጣች፣ ማን ቤት እንደሚያድር የማላውቀው ደረተ ነጭ መጣ። ጎጆው ጠበባቸው፤ ሌላ ጨመርኩ። ደግ ሥራ አንዴ ከጀመሩት ቆርቆሮ ይፈጃል። ሰፈሩም ማታ ማታ ጸጥ ማለት ጀመረ። ጅብ እንኳ ሲያልፍ የሚሰድበው ሰው ያጣ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያልፈው።

ደስ የማይለኝ አንድ ነገር ነበር። ሲመሽ እማማ የሻረግ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ቡላ፣ ቡላ እያሉ ይጣራሉ። ቡላ ጭዱ ውስጥ እንዳለ ጎደሎ ጆሮውን ያነሳል፣ እኔን ያያል፣ መልሶ ይተኛል። እየገፋሁ በሽንቁሯ አስወጣዋለሁ፤ ፊቴን ሳዞር ቀድሞኝ ጎጆው ውስጥ ነው። እሳቸው ጥቂት ቆመው ይጠብቁና በራቸውን ይዘጋሉ። የዚያ በር ድምፅ እያደር ይከብደኝ ጀመር።

እማማ የሻረግ ቀርበው አልተቆጡኝም። ሽማግሌ ላኩብኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ግቢዬ ገብተው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ወንበር ባወጣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እንዲህ ያለ ሥርዓት የማውቀው ልጅ ሲጠየቅ ነው፤ እኔ ደግሞ እንኳን የምድራት ልጅ፣ የማገባትም አላገኘሁ። መሪያቸው አያ እንየው የሚባሉ፣ ነገር ሲጀምሩ ከሩቅ የሚነሱ ሰው ናቸው። ከጉርብትና ተነሱ፣ በአጥር በኩል አለፉ፣ ከጌታው ቤት ወጥቶ እዚህ ግቢ የሚያድር አንድ ፍጡር ዘንድ ደረሱ። ሽማግሌ ፊት ውሻ «ሰው ይክበርና» ሳይባል አይነሳም። አያ እንየውም ሰው ይክበርና፣ ሰው ይክበርና እያሉ ብዙ ከሄዱ በኋላ ደከማቸው መሰለኝ፣ ወደ መጨረሻው ላይ ቡላን «ያ ሰው ይክበርናው» እያሉ ነበር የሚጠሩት።

ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ቡላ ከሄደ ወዲህ እማማ የሻረግ እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው አልዞረም። ሊነጋጋ ሲል ብቻ ትንሽ ያሸልባቸዋል። ፊታቸው ከስቷል፣ ቆመው ማስቀደስም አቅቷቸዋል። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ክፉ ያደረግሁ አልመሰለኝም ነበር። እኔም የእኔን ተናገርኩ፤ ጀርባው ላይ ያየሁትን አመዳይ ነገርኳቸው፣ ወደዚያ ውርጭ መልሰው ካሉኝ አንጀቴ አይችልም አልኩ። እኔ ይህን ስናገር የአያ እንየው የራሳቸው ውሻ፣ ያ ጥቁሩ ወጠምሻ፣ ከሁለተኛው ጎጆ ወጣ። ተንጠራራ፣ አዛጋ፣ እንደማያውቃቸው ሆኖ በእሳቸው አጠገብ አልፎ ወደ ደጅ ሄደ። አያ እንየው ሰማዩን አዩ። አብረዋቸው የመጡት መሬት መሬቱን አዩ።

ነጠል ብለው ተመካክረው ተመለሱ።

«መምህር፣ እርስዎ አልሰረቁም፤ የበረደውን ማስጠለል ጽድቅ ነው» አሉ አያ እንየው። «የሻረግም አልዋሹም፤ ጠባቂያቸው ሄዶባቸዋል። እኛ አገር ሰው የወሰደ ሰው ይመልሳል፣ በሬ የወሰደ በሬ ይመልሳል፤ ወንፈል ነው። እንግዲህ የእሳቸው ጠባቂ እርስዎ ዘንድ እስካደረ ድረስ፣ እርስዎ እሳቸው ዘንድ ያድራሉ።»

ወንፈል ማለት ዛሬ አንተ የእኔን ማሳ ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ ያንተን አጭዳለሁ ማለት ነው። ጎጃም ውስጥ እርሻው፣ አጨዳው፣ ውቂያው የሚያልፈው በዚህ ነው። በመተኛት ወንፈል የገባ ግን ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም፣ ያውም ከውሻ ጋር። አስፈላጊ ከሆነ መጮህም ይጠበቅብኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ቀልዴን ነበር። አያ እንየው ግን አገጫቸውን ይዘው በደንብ አሰቡበትና «እንደ ሁኔታው ነው» አሉ።

ሲመሽ ብርድ ልብሴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሄድኩና እማማ የሻረግ ደጃፍ ላይ፣ ቡላ ይተኛበት በነበረው ቦታ ተቀመጥኩ። ወጥተው ሲያዩኝ ሰው ደጅ ያድራል እንዴ ብለው እየተቆጡ አስገቡኝ። የድንች ቅቅል በዳጣ አቀረቡልኝ፣ የገብስ ቂጣ ቆረሱልኝ፣ መደቡ ላይ አጎዛ አነጠፉልኝ። እሳቸው ከምድጃው ማዶ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ባለው አልጋቸው ላይ ወጡ። ቡላ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን እያልኩ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ድምፃቸው መጣ። ለእኔ አልነበረም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነው የተናገሩት።

«ቡላ፣ አለኸ?»

መልስ የለም። ጥቂት ጠበቁ፣ ኋላ ትዝ ብሏቸው ተነፈሱ። ያ ትንፋሽ አንጀቴን በላው። ምን እንደምል ሳላውቅ፣ አለሁ እማማ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ፤ እየቆዩ መምህር አለኸ ወይ ይሉኛል። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝና አጭር መልስ አላውቅም። አለሁ፣ ምን ልርዳዎት፣ ውሃ ላቅርብ ወይ፣ ሰው መጣ እንዴ፣ ደጁን ልየው ወይ እላለሁ። በመጨረሻ አልቻሉም።

«ኧረ ልጀ፣ እሱ እኮ አንዴ ነው እህ የሚል» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ እኔም ሲጠሩኝ አንዴ ብቻ እህ እያልኩ አደርኩ። ሰርቷል፤ እማማ የሻረግ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዲግሪዬን የተቀበልኩ ዕለት እንኳ እንደዚያ አልኮራሁም።

ጠዋት ነገሩን አወጉኝ። ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ሌሊት ሲነቁ ቡላን ይጠሩታል፤ እሱ ከግድግዳው ጀርባ አንዴ ይመልሳል፤ መልሰው ይተኛሉ። ታዲያ የሚያስፈራዎት ሌባ ነው ወይ አልኳቸው።

«ሌባማ ምኔን ይወስዳል ልጀ? የሚመልስልኝ ሲጠፋ ነው እንጅ እንቅልፌ የሚሄድ።»

የያዝኩትን ቂጣ አስቀመጥኩ። ጎጆው ከእርስዎ ግድግዳ ሥር ቢሆንስ፣ ሞቆትም ቢሆን እህ ማለት አያቅተው አልኩ። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ቂጣ ጨመሩልኝ።

ወንፈሉ ቀጠለ። ቡላ በእኔ ጭድ ላይ፣ እኔ በቡላ ሥራ ላይ እናድራለን። ወሬው ከተማውን አዳርሶ ሰኞ መምህራን ማረፊያ ስገባ የሒሳብ አስተማሪው ክትባት ወስደሃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሰፈሩ ሰው ግን ነገሩን በቁም ነገር ነው የወሰደው። ውሻው ኮብልሎ የቀረበት ሁሉ በዚህ ፍርድ መሠረት አስተማሪ ቤቱ ሊያድርበት እንደሚችል ሲረዳ፣ በየደጃፉ ጭድ አነጠፈ፣ ከረጢት ሰቀለ፣ ውሻውንም ቆልምጦ ወሰደ። አያ እንየው ራሳቸው ማንም ሳያያቸው መጥተው የጎጆው በር በየት በኩል ቢሆን እንደሚሻል ጠየቁኝ። ወደ ምሥራቅ እንዳያደርጉት በሙሉ እምነት መከርኳቸው። እኔ ግቢ የቀሩት ቡላና ድመቷ ብቻ ሆኑ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ የሻረግ ከቤታቸው ጀርባ ተንበርክከው በአሮጌ ማጭድ የራሳቸውን ግድግዳ ሲፈቀፍቁ አገኘኋቸው። ምርጊቱ ተፈርክሶ ቀሚሳቸው ላይ ወርዷል። ደንግጬ ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ምድጃው ከዚህ ወዲያ ነው አሉኝ፤ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ብትኖር ሙቀቱ ለእሱ ያልፍለታል፣ ድምፁም ለእሳቸው ይቀርብላቸዋል። በዚህ ውርጭ ቤት ይበሳል ወይ፣ ብርዱ ይገባብዎታል አልኳቸው።

«ቢገባም ቡላን አልፎ ነው» አሉ።

ማጭዱን ተቀብዬ ቀዳዳዋን ጨረስኩላቸው። ከዚያ ጎጆውን ራሴ ላይ ተሸክሜ፣ ጭዱ አንገቴ ውስጥ እየገባ፣ በዋናው መንገድ ዞሬ አመጣሁት። ቡላ ከኋላዬ፣ ድመቷ ከቡላ ኋላ ተከተሉኝ፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አሳለፈን። ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጋጥመን፣ አንዱን ሣንቃ ነቅለን ከቀዳዳዋ ጋር አገናኘነው። ቡላ ገባ፣ ውስጡን ዞረ፣ አፍንጫውን ወደ ቀዳዳዋ አድርጎ ተኛ። ድመቷም ወደ እኔ ሳትዞር ተከትላው ገባች። አያ እንየው ተጠርተው መጡ፣ ወንፈሉ መፈጸሙን መሰከሩ፣ መረቁን፣ እኔም ብርድ ልብሴን አንስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያን ማታ እስከ አፍንጫዬ ተሸፋፍኜ ተኛሁ። ደጅ ጭድ የሚያንኮሻኩሽ የለም፣ የሚያዛጋ የለም፣ መስኮቱ ላይ ሆኖ የሚወቅሰኝ የለም። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፈረስ ቤት ከመጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ ብርዱ ይመስለኝ ነበር።

ከአጥሩ ወዲያ እማማ የሻረግ ቡላን ሲጠሩት ሰማሁ። ቡላ በቀዳዳዋ አንዴ መለሰ። እማማም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«መምህርስ?»

አንገቴን ከብርድ ልብሱ አወጣሁ። ሁለት ግድግዳና አንድ አጥር ተሻግሮ እንዲደርስላቸው ጮክ ብዬ፣ አለሁ እማማ አልኩ።

«በሉ እንግዲህ ተኙ» አሉን።